የሁላችን ዋስ

እትዬ ማንጠግቦሽ ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። የደወለው የሆስፒታላችን ገንዘብ ያዥ ደረጀ ሲሆን፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ስማ፣ ቶሎ ብለህ ዋስ ፈልግ» አለኝ። ለዓመት ፈቃድ ደብረ ታቦር ወላጆቼ ዘንድ ነበርኩ። የምን ዋስ እንደሆነና ምን እንዳጠፋሁ ብጠይቀው፣ «እኔም እየፈለግሁ ነው፤ የመድኃኒት መጋዘኗም ልጅ እየፈለገች ነው፤ የአምቡላንሱ ሾፌርማ ቁልፉን አስረክቦ ዛፍ ሥር ተቀምጧል» ብሎ ቀጠለ። ድምፁ የተሰበረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «እትዬ ማንጠግቦሽ አረፉብን እኮ» አለ።

መርዶ በዚህ አኳኋን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። በአገራችን ደንብ መርዶ ነጋሪ ማልዶ ይመጣል፣ ዘመድ ይሰበስባል፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሄዶ ነው የሚናገረው። ደረጀ ግን ከሟች በፊት የሟች ሥራ እንደሚቀድም የተማረው ከራሳቸው ከእትዬ ማንጠግቦሽ ነው። ስለዚህ እያለቀስኩ መሐል ላይ ሳቄ መጣ፤ እናቴም ልጄን ምን ነካብኝ ብላ ጠበል ልትረጨኝ ተነሳች።

እትዬ ማንጠግቦሽ መተማ ወረዳ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ለቆላው ሙቀት እጅ ሰጥተው ነጠላቸውን የማይጥሉ ሴት ናቸው። ቀኝ እጃቸው ሁልጊዜ ቀይ ነው። አዲስ ታካሚ ሲያያቸው ከቀዶ ሕክምና ክፍል የወጡ መስሎት ይደነግጣል፤ ነገሩ ግን ቀለም ነው። ብሩሽና ቆርቆሮ ሳይዙ ግቢውን አይዞሩም። ወንበሩ፣ አልጋው፣ ዊልቸሩ፣ የውሃ ባልዲው፣ ሁሉም ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አለው። የግድግዳው ሰዓት ጀርባው ስለማይታይ ቁጥሩን ፊቱ ላይ ጻፉበት። ከዚያ ወዲህ እኛ ሆስፒታል ውስጥ ከምሳ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ጠፋ።

«ቁጥር የሌለው ዕቃ ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ነው» ይሉ ነበር። «ቢሞት የት ሊቀበር ነው?»

ዕቃ ላይ እንዲህ የሚጨክኑ ሰው ሰው ላይ ምን ይሆኑ ይሆን ብሎ የሚሰጋ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ሳሉግ፣ ማለትም ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ፣ ወባው ለቆት ሲወጣ የሆስፒታሉን ብርድ ልብስ ለብሶ ሄደ። እትዬ ማንጠግቦሽ መናኸሪያ ድረስ ተከትለው ሰው ከሞላው መኪና ላይ አስወረዱትና ብርድ ልብሱን ገፈፉት። ልጁ የወሎ ልጅ ነው፣ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ወዲያው ነጠላቸውን አውልቀው አለበሱት። ያለ ነጠላ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ለምን ብርድ ልብሱን እንዳልተዉለት ስጠይቃቸው፣ «ብርድ ልብሱ የመንግሥት ነው፤ ነጠላው የኔ ነው። በሰው ዕቃ አልጸድቅም» አሉኝ።

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ ነው የተቀጠርኩት። በደንቡ መሠረት የመንግሥት ዕቃ ፈርሞ የሚረከብ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዕቃው ቢጠፋ በሱ ፈንታ የሚጠየቅ ደመወዝተኛ ማለት ነው። ድንበር ላይ ያለ ከተማ ውስጥ ዋስ ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው። ሁሉም መጤ ነው፤ የሁሉም ዘመድ ደጋ ነው። እናም ኮምፒውተሮቹ ካርቶናቸው ሳይፈታ መጋዘን ውስጥ፣ እኔ ደግሞ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን እንተያይ ጀመር። የመጋዘኑ ቁልፍ እትዬ ማንጠግቦሽ አንገት ላይ ነው።

ጠዋት ጠዋት መጥተው ይጠይቁኛል።

«ዋስህ መጣ?»

«አልመጣም እትዬ።»

«እዚህ አገር ሰው የለህም?»

«የለኝም።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም አልነበረኝም።»

አንድ ቀን ይህንኑ ጠይቀው ይህንኑ ከመለስኩላቸው በኋላ «እንግዲያው እኔ እሆንሃለሁ» አሉ። ደነገጥኩ። ዕቃውን የሚያስረክቡኝ እሳቸው፣ ቢጠፋ የሚጠይቁኝ እሳቸው፣ ዋሴም እሳቸው ከሆኑ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ጠየቅኋቸው።

«ብታጠፋው ራሴን ከስሼ ራሴን አስቀጣለሁ። አንተን ምን አገባህ? ፈርም» አሉና የዕቃ መረከቢያውን ቅጽ፣ ሞዴል ሃያ ሁለቱን ዘረጉልኝ። ፈረምኩ። ወዲያው ማውሱን ገልብጠው ሆዱ ላይ ቀይ ቁጥር ጻፉበት፤ ቀለሙ ብርሃን የሚያወጣውን ቀዳዳ ስለደፈነው ማውሱ በተወለደ በሰዓቱ ሞተ። ቁጥሩ ግን ዛሬም ይነበባል።

ጠባችን የጀመረው ከክልል ሥልጠና ስመለስ ነው። ከሥልጠናው ያመጣሁት ትእዛዝ ኮንፊግሬሽን አይተም የሚባል ነገር እንድመዘግብ ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ በሆስፒታሉ ውስጥ ከሳቸው ሌላ መዝጋቢ ሲነሳ አልወደዱም። መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ፈተና ያዙኝ።

«ይኸ የምትለው ነገር ንብረት ነው ወይስ ንብረት አይደለም?»

«አንዳንዱ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም። ንብረት የገዛነው፣ የኛ የሆነ፣ ዋጋ ያለው፣ ሲያረጅ የምናስወግደው ነው። ይኸኛው ግን አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ የግድ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ከምን ጋር እንደተያያዘ፣ ቢነሳ ምን እንደሚቆም ማወቅ አለብን። የኛ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።»

«የኛ ላይሆንም ይችላል?»

«ይችላል።»

«የሰው ዕቃ መዝግብ ብለው ነዋ የላኩህ። ይኸማ ሌብነት ነው።»

በምሳሌ ላስረዳቸው ሞከርኩ። መጋዘን ውስጥ ካርቶናቸው ያልተፈታ ኮምፒውተሮች ንብረት ናቸው፤ ግን ማንም በነሱ ስለማይሠራ እኔ መዝገብ ውስጥ አይገቡም። ካርድ ክፍል ያለው ሰርቨር ሁለቱንም ነው፤ የኛም ነው፣ ሥራውም በሱ ነው። የሕሙማኑን መረጃ የሚይዘው ፕሮግራም በነፃ የተሰጠን ስለሆነ እሳቸው ዘንድ ዋጋ የለውም፤ እኔ ዘንድ ግን እሱ ከሌለ ሰርቨሩ ባዶ ሣጥን ነው። «ፕሮግራሙ የታል? አሳየኝ» አሉ፣ ብሩሹን ቀለም ውስጥ እየነከሩ። ማሳየት አልቻልኩም። ረቱኝ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ዛፉ ነው። ኔትወርካችን የሚመጣው ከአጥር ውጪ ካለ አንድ ትልቅ የዲዛ ዛፍ ላይ በተሰቀለ አንቴና ነው። አንቴናው የኛ ነው፤ ቀይ ቁጥርም አለው። ዛፉ ግን የአንድ ማሽላ ገበሬ፣ የአያ ዘለቀ ነው። እኔ ዛፉን መዝገቤ ላይ ማስፈሬን ሲሰሙ እትዬ ማንጠግቦሽ ለዳይሬክተሩ «ልጁን ፀሐይ መትቶታል» ብለው አመለከቱ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ኔትወርኩ ድርግም አለ። ለካላዛር ምርመራ ወደ ጎንደር የተላከ ናሙና ሁሉ ውጤቱ የሚመጣው በኔትወርኩ ነው፤ በሽተኛው ደግሞ በረንዳው ላይ ሞልቷል። እትዬ ማንጠግቦሽ ሌባ ገባ ብለው ቆጠራ ጀመሩ። ገመዱን፣ ሣጥኑን፣ አንቴናውን ሳይቀር በሩቁ አይተው፣ ሁሉም በቁጥሩ መኖሩን አረጋግጠው ለዳይሬክተሩ «ምንም የጠፋ የለም» ብለው በኩራት ነገሩ። ዳይሬክተሩም «እንግዲያው ደህና ነን» አሉ። በረንዳው ላይ ያለው በሽተኛ ግን ደህና አልነበረም።

እኔ ዛፉ ሥር ሄድኩ። ቀና ብዬ ሳይ አያ ዘለቀ ቅርንጫፉ ላይ የንብ ቀፎ ሰቅለዋል። ቦታው ሲጠባቸው አንቴናውን ፊቱን ወደ ሱዳን አዙረው አመቻችተውታል። ልወጣ አንድ እርምጃ ሳልሞክር ንቡ ጆሮዬ ሥር ደረሰ፤ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ግቢ ስደርስ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ አንድ ሽማግሌ ይጮሃሉ። የወንድማቸው ልጅ ታሞባቸው ተኝቷል፤ ውጤቱ ሳይታወቅ መድኃኒት አይጀመርለትም። ሰውዬው ራሳቸው አያ ዘለቀ ናቸው።

«ስንት ጊዜ ልመላለስ? ልጁ እኮ ሊያልቅብኝ ነው። የት አደረሳችሁት ውጤቱን?» ይላሉ።

ያየሁትን ለእትዬ ማንጠግቦሽ በጆሯቸው ነገርኳቸው።  እሳቸውም ሄደው የአያ ዘለቀን እጅ ያዙ።

«ውጤቱማ ያለው አንቱ ዛፍ ላይ ነው። ይምጡ ላሳይዎ» አሉ።

ዛፉ ዘንድ ሦስታችንም ራቅ ብለን ቆምን። እትዬ ጉዳዩን ሲያስረዱ አያ ዘለቀ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና ተቆጡ።

«ዛፉ የኔ ነው» አሉ።

«የአንቱ ነው» አሉ እትዬ።

«ቀፎውም የኔ ነው።»

«የአንቱ ነው።»

«ታዲያ እናንተን ምን አገባችሁ?»

«ልጁም የአንቱ ነው፤ እሱ ነው ያገባን» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

አያ ዘለቀ ቀፎውን አዩ፣ አንቴናውን አዩ። «አይ እኔ፣ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን» አሉና ኩበት ሊያጨሱ ሄዱ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ንቡን በጭስ አባረው ቀፎውን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ አዛወሩ፤ አንቴናውም ፊቱን መለሰ። የልጁ ውጤት መጣ፤ መድኃኒቱ ተጀመረለት። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን በባዶ እጃቸው መመለስ ስላልሆነላቸው ዛፉ ላይ ቁጥር ልጻፍ አሉ። «ቀለም ካስነኩት ሽቧችሁንም ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ» አሏቸው አያ ዘለቀ። ብሩሻቸውን ይዘው ተመለሱ። ቁጥር የሌለው ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ ሲገባ ያ የመጀመሪያው መሆን አለበት።

በነጋታው ቢሮዬ መጥተው ሳይቀመጡ «ገባኝ» አሉ። «የኔው ሲጠፋ ማን ወሰደው ይባላል። ያንተው ሲጠፋ ማን ወደቀ ይባላል።»

ሥልጠናውን የሰጡን ሰዎች ይህን ለማለት አንድ ሙሉ ሳምንትና ብዙ የታሸገ ውሃ ፈጅተዋል።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ማንጠግቦሽን የሚችላቸው ጠፋ። ያዩትን ሁሉ «ይኸስ ማን ላይ ቆሟል?» ይላሉ። ኮኪት ከተማ ሠርግ ተጠርተን ሄደን፣ ሰው እስክስታ ሲወርድ እሳቸው የመብራቱን ገመድ ተከትለው ወፍጮ ቤት ደረሱ። ተመልሰው ለሙሽራው አባት «ወፍጮው እህል ከያዘ ልጅዎ በጨለማ ነው የሚዳረው» አሏቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ብለው ነበር፤ የሰማቸው የለም። ወፍጮው ተነሳ፣ መብራቱ ሄደ። አንድ ቀን ደግሞ ዳይሬክተራችን ስብሰባ ሄደው ሲከራርሙ ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሳቸው ከሄዱ ምን ቆመ?» አሉኝ። አሰብኩ አሰብኩና «ምንም» አልኳቸው። «እንግዲያው እሳቸው ንብረት ብቻ ናቸው» ብለው ሄዱ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ለጥላ ባባረረበት ሰዓት፣ ቀዝቃዛ ከርከዴ በጠርሙስ ይዘውልኝ መጡ። «የዕቃውን ሥዕል ጨረስክ አይደል? አሁን የሰውን ሣልልኝ። ማን በማን ዋስ እንደቆመ» አሉኝ።

ሣልኩ። ገንዘብ ያዡ ደረጀ የቆመው በሳቸው ነው። የመድኃኒት መጋዘኗ ልጅ በሳቸው ነው። እኔ በሳቸው ነኝ። የአምቡላንሱ ሾፌር በደረጀ ነው፤ ደረጀ በሳቸው ነው። የዘበኞቹ አለቃ በሾፌሩ ነው። ደንቡ አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ ዋስ ይሁን ይላል። የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ ይበልጣል ይህን እያወቁ ዓይናቸውን ጨፍነው ኖረዋል፤ ቢገልጡት ሆስፒታሉ ያንኑ ዕለት ይዘጋል። ቀስቱ ሁሉ መጥቶ መጥቶ አንድ ስም ላይ አረፈ።

«የእርስዎስ ዋስ?» አልኳቸው።

ጠርሙሱን ከፈቱት፣ ዘጉት። «ሞላ ነው» አሉ።

ሞላ ባላቸው ነው። በደመወዝ የሚሠራ የትራክተር ጠጋኝ ነበር። አንድ የሰሊጥ ወቅት መለዋወጫ ሊገዛ ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተሻግሮ በዚያው ቀረ። እዚያ ሌላ አግብቷል የሚል አለ፣ ወባ ገደለው የሚል አለ፣ ፖርት ሱዳን ወርዶ መርከብ ላይ ይሠራል የሚልም አለ። እሳቸው ምንም አይሉም። ሱዳን ጦርነቱ ተነሥቶ ሰው በመተማ ዮሐንስ በኩል ልጁንና ፍራሹን ተሸክሞ መግባት ሲጀምር፣ እትዬ ማንጠግቦሽ በእረፍት ቀናቸው ኬላው ዘንድ ሄደው ይቆሙ ነበር። የሚገባውን ሁሉ ፊት ፊቱን ያያሉ፤ ማንንም አይጠይቁም። ሰኞ ጠዋት ቀለማቸውን ይዘው ሥራ ይገባሉ። እኛም አይተን እንዳላየ እንሆናለን።

እንግዲህ አልጋውም፣ አምቡላንሱም፣ መድኃኒቱም፣ እኔም የቆምነው ይኑር ይሙት በማይታወቅ አንድ ጠጋኝ ላይ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። 

ከዚያ የጡረታ ጊዜያቸው ደረሰ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቁጥሩን የሚጽፉት በዳሰሳ ነው። ጎንደር ያለች እህታቸው ክፍል አዘጋጅታላቸው፣ ሐኪምም አናግራ ትጠብቃቸዋለች። ርክክቡ ሲደረግ እስከ ባልዲው ድረስ አንድ ነገር አልጎደለም። የቀረው መሸኛ ብቻ ነው፤ መሸኛ ከሌለ ጡረታ የለም። መሸኛው እንዲጻፍ ደግሞ ዋሳቸው መጥቶ ከዋስትናው መውረዱን መፈረም አለበት፤ ካልሆነም መሞቱ መረጋገጥ አለበት።

አቶ ይበልጣል ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸው ግን ወረቀት የማያልፍበት ቦታ አይሄድም። «ቀላል ነው እኮ እትዬ» አሏቸው። «ሦስት ሰው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሞቷል ብሎ ይመስክር። ወረቀቷን ያምጡ፣ እንሸኝዎታለን። የእነ ደረጀን ዋስትና በኋላ እናየዋለን።»

ምስክር ለማግኘት አልተቸገርንም። ደረጀ፣ ሾፌሩና የዘበኞቹ አለቃ ባሻ ጌጡ ተነሡ። ሦስቱም ሞላን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ደረጀ ገዳሪፍ ሆስፒታል በወባ ሲሞት እንዲል፣ ሾፌሩ ቀብር ላይ ነበርኩ እንዲል ተነጋገሩ። ባሻ ጌጡ ከተፈለገ ማልቀስም እንደሚችሉ ተናገሩ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ስለሚወዷቸው ነው፤ ለሌላ ሰው በሐሰት ለመመስከር ቢያንስ ያመነቱ ነበር።

እትዬ ማንጠግቦሽ እምቢ አሉ። ጉዳዩ ስብሰባ ተጠራበት። ዳይሬክተሩ፣ አቶ ይበልጣል፣ ምስክሮቹና እሳቸው ተቀመጡ፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ።

«እትዬ፣ ይህን ያህል ዘመን ያልተመለሰ ሰው» ብለው ዳይሬክተሩ ጀመሩ።

«መጋዘን ውስጥ ያጣሁትን ዕቃ ጠፋ እላለሁ እንጂ ተሰበረ ብዬ ጽፌ አላውቅም» አሉ እትዬ። «ያላየሁትን አልጽፍም።»

«ለወረቀት ነው እኮ» አሉ አቶ ይበልጣል። «ልብዎ ውስጥ ያለውን ማን ይነካዋል?»

«ዕድሜዬን የበላሁት በወረቀት ነው ልጄ። ወረቀት ላይ ገድዬው ልቤ ላይ ላኖረው አልችልም። ደግሞ ንብረቴ አይደለም ላስወግደው። እሱ ቢነሳ የሚወድቅ አለ።»

«ማን ነው የሚወድቀው?» አሉ ዳይሬክተሩ፣ በእውነት ሊያውቁ ፈልገው።

«እኔ ነኛ» አሉ።

 እትዬ ማንጠግቦሽ ወደ ሦስቱ ምስክሮች ዞር ብለው፣ ያለ ቁጣ፣ «ሞቷል የሚል ሦስት ሰው አገኛችሁ። አለ የሚለኝ አንድ ሰው አጣችሁ? አንድ ሰው አየሁት ይበለኝ፤ ያን ጊዜ ነገ ዛሬ ሳልል ጎንደር እሄዳለሁ» አሉ። ደረጀ ጫማውን ማየት ጀመረ። አቶ ይበልጣል ጎንበስ ብለው ይህን ቃለ ጉባኤ ላይ እንዴት እንደምጽፈው ጠየቁኝ። «ውይይቱ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ብዬ ጻፍኩ።

ሌላ ጊዜ አልመጣም። አቶ ይበልጣል «በመሸኘት ላይ ያሉ ሠራተኛ» የሚል ማዕረግ ፈጠሩላቸው። ደመወዙ ቆመ፣ ጡረታው አልጀመረም፤ እህታቸው ከጎንደር በምትልክላቸው ጤፍ እየኖሩ በየጠዋቱ ቢሮ ይገባሉ። ኬላውም ላይ መቆማቸውን አልተዉም፤ ከዓይናቸው ድካም የተነሣ ግን አሁን ሰውን የሚለዩት ቀረብ ብለው ነበር። እዚያው ሲመላለሱ ወባ ያዛቸው፤ በተቀጠሩበት ሆስፒታል፣ ራሳቸው ቁጥር በጻፉበት አልጋ ላይ አረፉ። የሞት ወረቀታቸው ሳይውል ሳያድር ደረሰ፤ መሸኛቸውም በዚያው ቀን ተጻፈ። ሞተው ያገኙትን በሕይወት ሳሉ ቢሰጧቸው ኖሮ ምን ነበረበት እያልኩ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ።

እኔ ከደብረ ታቦር ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ሆስፒታሉ ግን ቆሟል። ዋስ የሌለው ሠራተኛ ዕቃ መንካት ስለማይችል ገንዘብ መቀበያው ተዘግቷል፣ የመድኃኒት መጋዘኑ ተቆልፏል፣ አምቡላንሱ አቧራ ለብሷል። በረንዳው ላይ ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ መጥታ በባጃጅ ልትመለስ ትጨቃጨቃለች። ሥዕሌ ላይ አይቼው የነበረው ሁሉ በዓይኔ ፊት ሆነ፤ አንድ ዕቃ አልጠፋም፣ አንድ ሥራም የለም።

አቶ ይበልጣል ደንቡን አገላብጠው አገላብጠው መላ አገኙ። ዋስ ሲሞት የዋሱ ዋስ ይተካል፤ በሕይወት መኖሩ ከተረጋገጠ። የዋሳችን ዋስ ደግሞ ሞላ ነው። በሕይወት መኖሩን ሦስት ሰው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ መመስከር አለበት። ደረጀ፣ ሾፌሩና ባሻ ጌጡ ተነሡ።

እኔ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ሾፌሩ ባለፈው ገበያ ቀን ከድንበሩ ማዶ ጋላባት ማሽላ ሲጭን አየሁት አለ። ደረጀ ትንሽ ከስቷል እንጂ ደህና ነው አለ። እትዬ ማንጠግቦሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአንድ ሰው አፍ ሊሰሙት የተመኙት ቃል በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ በላይ በላዩ ሲነገር እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

የመጨረሻው ባሻ ጌጡ ነበሩ። ማልቀስ እንደሚችሉ የተናገሩት ሰውዬ አላለቀሱም። ቆባቸውን አውልቀው ሆዳቸው ላይ ያዙ።

«እኔንስ አናግሮኛል» አሉ። «ማንጠግቦሽ እንዴት ናት ብሎ ጠየቀኝ።»

ዳኛው ብዕራቸውን አቆሙ። «አንተስ ምን አልከው?»

ባሻ ጌጡ ይህን አላሰቡበትም ነበር። ወደ ደረጀ አዩ፣ ወደ በሩ አዩ።

«ደህና ናቸው፣ ሥራ ላይ ናቸው አልኩት» አሉ።